ውሃ ያልጠገበ አፈር ለምን ይቆማል?
ስለ ሸዋ ሮቢትና ስለ ይፋት ተዳፋቶች

ከአዲስ አበባ ወደ ሸዋ ሮቢት የተጓዘ ሰው ሁሉ የጣርማ በርን ዋሻ ያውቀዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ብርድና ጉም ውስጥ በጣሊያን ጊዜ የተፈለፈለውን ያን ዋሻ አልፎ ብቅ ሲል፥ መሬቱ ከእግሩ ሥር የከዳው ይመስለዋል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ደብረ ሲናን አርማኒያን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ብሏል። ጋቢ ለብሶ የተነሣ መንገደኛ ጋቢውን አጣጥፎ በጕያው ይዞ ከመኪናው ይወርዳል። በላይ ገብስና ባቄላ ሲያይ የመጣ ሰው፥ በታች ማሽላ፥ ማሾና ሽንኩርት ያያል።

እኔ ዛሬ ልነጋገርበት የምፈልገው ግን ስለ ላዩም ስለ ታቹም ሳይሆን በመካከል ስላለው ነው። በመካከል ያለው ተዳፋት ነው። በዚያ ተዳፋት ላይ ሰው ያርሳል፤ ቤት ይሠራል፤ መንገድ ይቈረጣል። ብዙው ቦታ ሲታይ አፈሩ በራሱ ሰበቃ ብቻ ሊቆም ከሚችለው በላይ ቀጥ ያለ ነው። ሆኖም በጋውን ሁሉ ቆሞ ይከርማል። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ አንዱ ቦታ ሳይታሰብ ይሄዳል። ምን ይዞት ኖሮ ነው? ምንስ ለቀቀው?

ጥያቄውን ያነሣብኝ መጽሐፍ አይደለም፤ አጎቴ ነው። ቤቱ ከደብረ ሲና በታች በተዳፋቱ ላይ ያለ ሲሆን፥ ጓሮውን ለማስፋት ሲል ከቤቱ ጀርባ ያለውን አፈር በዶማ ቈርጦ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ቀጥ ያለ ግድግዳ አድርጎታል። ለፋሲካ ዕረፍት ሄጄ፥ «ጋሼ፥ ይኸ ነገር አያስፈራዎትም?» ብለው ሣቀብኝ። «ልጄ፥ ይኸ አፈር እኮ ድንጋይ ማለት ነው፤ ሁለት ዶማ ሰብሮብኛል። ሰባት ክረምት ቆሟል፤ ስምንተኛው ምን ያደርገዋል?» አለኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም። በተማርኩት የአፈር መካኒክስ ደረቅ አፈርን ዐውቃለሁ፤ ውሃ የጠገበ አፈርንም ዐውቃለሁ። አጎቴ የሚያሳየኝ አፈር ግን ደረቅም አይደለም፥ ጠግቦም አያውቅም። ከምድር ወለል አጠገብ ያለው የአገራችን አፈር አብዛኛውን ዘመኑን የሚኖረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ መጽሐፎቻችን ደግሞ ያንኑ መካከለኛውን በአንድ ገጽ ያልፉታል።

በመጀመሪያ በሰው አፍ የሚነገሩትን ሁለት ምክንያቶች እንመርምር። አንደኛው፥ «አፈሩ ዝናም ጠጥቶ ስለ ከበደ ወረደ» የሚለው ነው። እውነት ነው፥ ይከብዳል። ነገር ግን ክብደት በተዳፋት ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ በአንድ በኩል ወደ ታች ይጎትታል፥ በሌላ በኩል ደግሞ አፈሩን ከሥሩ ካለው ጋር አጥብቆ ይጫነዋል፤ ሲጫነውም ሰበቃው ይጨምራል። ከዚህ በታች በቍጥር እንደምናየው ሁለቱ እየተቻቻሉ ትርፉ ከምንም አይቈጠርም። ሁለተኛው፥ «ውሃው አሙለጨለጨው» የሚለው ነው። አሸዋን በውሃ አጥግበን ብንሞክረው ግን የሰበቃ ማዕዘኑ ከደረቁ አሸዋ ብዙም አይለይም። ውሃ ለአብዛኛው የአፈር ቅንጣት እንደ ቅባት አይሆንለትም። እንግዲህ ሌላ ነገር መፈለግ አለብን።

የሸዋ ሮቢት ልጅ የሆነ ሁሉ መልሱን በሮቢ ወንዝ ዳር በእጁ ዳስሶታል። ወንዙ ሲጎድል ልጆች በአሸዋው ላይ ጕድጓድ ይቈፍራሉ፥ ቤትም ይሠራሉ። ከላይ ያለው ደረቅ አሸዋ ሲጨብጡት በጣት መካከል ያልቃል፤ ግድግዳ አይሆንም። ትንሽ ወረድ ብሎ ያለው እርጥብ አሸዋ ግን እንደ ዳቦ ይቈረሳል፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይበልጥ ቈፍረው ውሃው ብቅ ሲል ያ የቆመው ግድግዳ ከሥሩ እየተናደ ጕድጓዱን ይደፍነዋል። አሸዋው ያው አንድ አሸዋ ነው። የተለዋወጠው ውሃው ብቻ ነው፤ ያውም ሲበዛም ሲጠፋም ብርታቱ አብሮ ይጠፋል፥ በመካከል ሲሆን ግን ይገኛል።

ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። በሁለት ቅንጣቶች መካከል ጥቂት ውሃ ሲኖር ውሃው ሁለቱንም ይዞ እንደ ቀጭን ድልድይ ይዘረጋል። የውሃ ገጽ የተወጠረ ቆዳ ዐይነት ጠባይ አለው፤ በቅንጣቶቹ መካከል ወደ ውስጥ ይሰረጕዳል። በዚህም ጊዜ በድልድዩ ውስጥ ያለው የውሃ ግፊት በዙሪያው ካለው የአየር ግፊት ያነሰ ይሆናል። ይህ የሁለቱ ግፊቶች ልዩነት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «የመምጠጥ ኀይል» የምለው ነው። ውሃው ቅንጣቶቹን ወደ ራሱ ይመጣቸዋል፤ እነርሱም እርስ በርሳቸው ይጫናሉ፤ ከተጫኑ ደግሞ ሰበቃ አለ። አፈሩ ከውጭ ማንም ሳይጫነው ከውስጥ የተጫነ ይሆናል ማለት ነው።

የኀይሉ መጠን በክፍተቱ ጥበት ይወሰናል። የቱቦ ምሳሌ ብንወስድ ግማሽ ስፋቱ ከሚሊ ሜትር 100ኛ እጅ የሆነ ቱቦ ውሃን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ላይ ይመጣል፤ ይህም ወደ 15 ኪሎ ፓስካል ነው። ቱቦው ዐሥር ጊዜ ቢጠብ ኀይሉ ዐሥር ጊዜ ያድጋል። ስለዚህ አፈሩ እየደረቀ በሄደ ቍጥር ውሃው ሰፊውን ክፍተት እየለቀቀ ወደ ጠባቡ ይሸሻል፤ የመምጠጥ ኀይሉም እየጨመረ ይሄዳል። የእርሻ ትምህርት ጓደኞቻችን ይህንኑ ነገር ከሌላ በኩል ያውቁታል፤ ብዙ ተክሎች ጠውልገው የማይነሡበት ደረጃ ወደ 1,500 ኪሎ ፓስካል ነው ይሉናል። የሚመጠውን ውሃ ተክሉ ከአፈሩ መንጠቅ አቅቶት ነው የሚሞተው።

በበጋ የታረሰ ማሳ ላይ የሚገኘውን ጓል ተመልከቱ። በመዶሻ ካልሆነ አይሰበርም። በመጀመሪያው ዝናም ግን ሟሙቶ ያድራል። አጎቴ ሁለት ዶማ ሰበረልኝ ብሎ የሚመካበት «ድንጋይ» ይኸው ጓል ነው።

ነገሩን ወደ ሳይንስ ሥርዐት ያገቡት ሰዎች ታሪክ ባጭሩ ይህን ይመስላል (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ካርል ቴርዛጊ በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ የአፈር ብርታት የሚለካው በጠቅላላው ጫና ሳይሆን ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው በሚጫኑት መጠን መሆኑን አስረዳ። ያ ግን ለጠገበ አፈር ነበር። በ1959 የለንደኑ የኢምፔሪያል ኮሌጅ መምህር አላን ቢሾፕ ይህንኑ ሕግ ውሃና አየር ተቀላቅለው ላሉበት አፈር አሰፋው፤ የመምጠጥ ኀይሉን ከ0 እስከ 1 በሆነ ቍጥር አባዝቶ ደመረበት። ያን ቍጥር ለማወቅ ግን አስቸጋሪ ሆነ። በ1978 ካናዳዊው ፍሬድሉንድ ከሞርገንስተርንና ከዊድገር ጋር ሌላ መንገድ አመጣ፤ የመምጠጥ ኀይልን ለብቻው አውጥቶ የራሱን ማዕዘን ሰጠው። በአማርኛ ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል፤

የመቋቋም ኀይል = መያያዝ + (ጫና × የሰበቃ ማዕዘን ታንጀንት) + (የመምጠጥ ኀይል × የመምጠጥ ማዕዘን ታንጀንት)

ሦስተኛውን ክፍል አስተውሉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጋም ክረምትም የአፈሩ ሀብት ናቸው። ሦስተኛው ግን ብድር ነው፤ ፀሐይ ያበደረችውን ዝናም ይቀበለዋል። የመምጠጥ ማዕዘኑ ከሰበቃው ማዕዘን አይበልጥም፤ አየር ወደ ክፍተቶቹ ከገባ በኋላ ደግሞ ያንሳል፥ ውሃው የሚነካው የቅንጣት ገጽ እየተቀነሰ ስለሚሄድ። ፈጽሞ በደረቀ አሸዋ ላይ ምንም የሚያያይዝ ስለማይቀር ወደ ባዶ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ብርታቱ በቀጥታ መስመር ሳይሆን እየታጠፈ የሚሄድ ነው፤ ለእኛ ምሳሌ ግን ቀጥታው ይበቃናል።

አሁን ቍጥር እናስገባ። ቍጥሮቹ ለምሳሌ የመረጥኳቸው ናቸው እንጂ ከደብረ ሲና ተለክተው የመጡ አይደሉም። ተዳፋቱ 35 ዲግሪ ይሁን። ሊንሸራተት የሚችለው አፈር ውፍረት ወደ ታች 2 ሜትር፤ ክብደቱ በኩቢክ ሜትር 18 ኪሎ ኒውተን፤ መያያዙ 2 ኪሎ ፓስካል፤ የሰበቃ ማዕዘኑ 28 ዲግሪ፤ የመምጠጥ ማዕዘኑ 15 ዲግሪ ይሁን። ወደ ታች የሚያንሸራትተው ኀይል 16.9 ኪሎ ፓስካል ሆኖ ይገኛል። መያያዝና ሰበቃ አንድ ላይ የሚቋቋሙት 14.85 ነው። ብናካፍለው 0.88 ይሆናል፤ ከ1 ያነሰ ስለ ሆነ ተዳፋቱ መቆም አልነበረበትም። በበጋ ግን የመምጠጥ ኀይሉ 30 ኪሎ ፓስካል ቢሆን 8 ኪሎ ፓስካል ያህል ይጨመርለታል፤ የደኅንነት ቍጥሩም 1.35 ይሆናል። ይቆማል። ዝናሙ ኀይሉን ወደ 10 ቢያወርደው 1.04፤ ከ8 ኪሎ ፓስካል በታች ካወረደው ግን ተዳፋቱ ይሄዳል። አስተውሉ፥ መሬቱ ገና ፈጽሞ አልጠገበም፤ ምንጭም አልፈለቀበትም፤ ነገር ግን አልቆለታል።

ስለ ክብደት የተናገርሁትን ደግሞ እንፈትሽ። አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ከ18 ወደ 19 ኪሎ ኒውተን ቢከብድ የደኅንነት ቍጥሩ ያለ መምጠጥ ኀይል ከ0.88 ወደ 0.87 ብቻ ይወርዳል። የክብደቱ ጥፋት አንድ መቶኛ፤ የመምጠጥ ኀይሉ መጥፋት ግን ከ1.35 ወደ 0.88። ናዳውን ክብደት አመጣው የሚል ሰው ከዚህ ሒሳብ ጋር ይታረቅ።

የአጎቴ ግድግዳ ግን ከተዳፋትም የባሰ ነው፥ ቀጥ ያለ ነውና። ድጋፍ የሌለው ቀጥ ያለ ቍርጥ እስከ ስንት ሜትር ሊቆም እንደሚችል በሚነግረን የታወቀ ቀመር ያንኑ አፈር ብንሞክረው፥ 30 ኪሎ ፓስካል የመምጠጥ ኀይል ሲኖረው እስከ 3.7 ሜትር ይቆማል። የመምጠጥ ኀይሉ ሲጠፋ 0.74 ሜትር ብቻ። ከላዩ በኩል ስንጥቅ ካለበት ደግሞ ሁለቱም በሢሶ ይቀነሳሉ። ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ግድግዳ እንግዲህ በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ይኖራል፤ በሚያዝያ የሚታየው ብርታት የነሐሴውን አይመሰክርለትም።

«ታዲያ ሰባቱን ክረምት እንዴት ዳነ?» የሚለው ጥያቄ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ የሚጣፍጠው ክፍል ነው። ዝናም ወለሉን ሲመታ ውሃው ወደ ታች የሚወርደው ፊት ለፊቱ ያለውን አፈር እያጠገበ ነው፤ ስለዚህ በእርጥቡና በደረቁ መካከል እንደ ግንባር ያለ መስመር እያበጀ ይወርዳል። ከግንባሩ በላይ የመምጠጥ ኀይሉ ጠፍቷል፤ ከግንባሩ በታች እንዳለ ነው። ግንባሩ ምን ያህል እንደሚጠልቅ ለመገመት ቀላል ሒሳብ አለ። አፈሩ በበጋ መጨረሻ ከይዘቱ 25 በመቶ ውሃ ቢኖረውና እስኪጠግብ 45 በመቶ ቢይዝ ልዩነቱ 20 በመቶ ነው። ሁለት ሜትር ለማጥገብ 400 ሚሊ ሜትር ውሃ ወደ ውስጥ መግባት አለበት ማለት ነው። ያውም የሚዘንበው ሁሉ አይገባም፤ ከፊሉ በጎርፍ ይሄዳል፥ ከፊሉን ተክልና ፀሐይ ይወስዱታል። ለማመዛዘን ያህል፥ አዲስ አበባ ላይ ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባቸዋል። እንግዲህ ግንባሩ ሁለት ሜትር ላይ የሚደርሰው በሰኔ አይደለም፤ ክረምቱ ሲጎለምስ ነው። ናዳ የመጀመሪያውን ዶፍ ሳይሆን የመጨረሻውን ካፊያ የሚጠብቅበት ምክንያት ይኸው ነው። ሰውም የሚዘናጋው በዚያን ጊዜ ነው፤ «እንግዲህ ወጣልን» ብሎ የአደይ አበባ ሲጠብቅ።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በልጉ ምን እንዳደረገም መጠየቅ ያስፈልጋል። ይፋት ሁለት ዝናም የሚያይ አገር ነው። በልጉ መልካም ከሆነ አፈሩ ክረምቱን የሚቀበለው ከ25 በመቶ ሳይሆን ከዚያ በላይ ይዞ ነው፤ የሚቀረው ጥማት አነስተኛ ነውና ግንባሩ ፈጥኖ ይወርዳል። ለገበሬው የሰመረ ዓመት ለተዳፋቱ ክፉ ዓመት ሊሆን ይችላል። የአጎቴ ግድግዳ ሰባት ክረምት የዳነው ግንባሩ ሰባት ጊዜ ወርዶ ሰባት ጊዜ ሳይደርስ ስለ ተመለሰ ነው። በየበጋው ብድሩ ይታደሳል። ስምንተኛው ዓመት ከሰባቱ ምንም የተማረው ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማድረግ ይገባኛል፤ ሳላደርግ ባልፍ አንባቢን አሳሳታለሁ። ደብረ ሲና ስንል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ከ1997 ዓ.ም. እና ከ1998 ዓ.ም. ክረምቶች በኋላ የሄደውን ታላቁን የመሬት መንሸራተት ነው። ከሳተላይት በተነሡ ሥዕሎች ተለክቶ በመጀመሪያው ጊዜ መሬቱ እስከ 48 ሜትር፥ በሁለተኛው ጊዜ እስከ 114 ሜትር ወደ ጎን መሄዱ ታውቋል፤ ዋናው የተንሸራተተው ቦታ ስፋት 6.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ቤትና ማሳ ይዞ የሄደ መሬት ነው። እንዲህ ያለው ጥልቅ መንሸራተት በመምጠጥ ኀይል መጥፋት ብቻ አይገለጽም። በጥልቁ ውስጥ አፈሩ ቀድሞውንም የጠገበ ነው፤ ችግሩ ውሃው ከአየር ግፊት በላይ ሆኖ ቅንጣቶቹን እየገፋ ማለያየቱ ነው። ያ የቴርዛጊ ጕዳይ ነው። በዚያ በታላቁ ዙሪያ ግን ጥልቀት የሌላቸው ትናንሽ መንሸራተቶች ታይተዋል፤ የመምጠጥ ኀይል ጕዳይ ዋናው ቦታው እነዚህ ናቸው። ቢሆንም ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ አይደሉም፤ ወደ ጥልቁ የሚወርደው ውሃ ያልጠገበውን የላይኛውን አፈር አቋርጦ ማለፍ አለበትና፥ መቼ እንደሚደርስ የሚወስነው ላይኛው ነው።

ትናንሽ ናቸው ብለን ግን አንናቃቸው። ሐምሌ 14 እና 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በቀንጮ ሻቻ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። ከከባድ ዝናም በኋላ መሬቱ ተንሸራትቶ ሰው ቀበረ፤ የተቀበሩትን ለማውጣት ጎረቤት ሲሮጥ ሁለተኛው ተንሸራቶ የሚያድኑትን ቀበረ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ስለዚያ ቦታ አፈር የምናገረው የለኝም፤ ስለ ሁለተኛው ናዳ ግን ማንኛውም ተማሪ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የመጀመሪያው ሲሄድ ለላይኛው የነበረውን ድጋፍ ይዞ ይሄዳል፤ አዲስ ቍርጥ ፊትም ይተዋል። ያ ፊት የሚቆመው ቀጥ ባለ ሁኔታ ነው፥ ልክ እንደ አጎቴ ግድግዳ፤ ዝናሙም ገና አላቆመም። ወገን ለማዳን የሚሮጥን ሰው ቁም ማለት በሀገራችን ነውር ይመስላል። ቢሆንም አንድ ሰው ከላይ ቆሞ ቍርጡን መጠበቅና ጠጠር መውረድ ሲጀምር መጮኽ አለበት።

ወደ ይፋት ልመለስና ስለ ዋልካ ጥቂት ልበል። በሸዋ ሮቢት ሜዳ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር በበጋ ሲደርቅ የመምጠጥ ኀይሉ አፈሩን ራሱን ያኮማትረዋል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሆናል። በሜዳ ላይ ይህ ለበሬ እግር ካልሆነ ብዙም አያስፈራም። እንዲህ ያለ ጭቃማ አፈር በተዳፋት ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ብርታት የሰጠው ያው ኀይል በር ከፍቶ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ዶፍ በስንጥቁ ቀጥታ ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ ያሰላነው የ400 ሚሊ ሜትር ሒሳብ ዋጋ ያጣል፤ ውሃው ወረፋ አይጠብቅምና። በሰኔ የሚሄድ ተዳፋት ካጋጠማችሁ በመጀመሪያ ስንጥቅ ፈልጉ።

ሌላው የምፈራው ነገር እርከን ነው። ይህን ስል የሚቈጡኝ እንዳሉ ዐውቃለሁ። የይፋትና የአንኮበር ገበሬ ድንጋይ ደርድሮ ተዳፋትን ማረስ ከጥንት የሚያውቅ ነው፤ ያለ እርከን ያ አፈር ዛሬ አይኖርም ነበር። ይሁን እንጂ እርከን ጎርፍን አስቁሞ ውሃውን ወደ ውስጥ ያስገባል። ለማሽላው ደግ፤ ግንባሩን ግን ያፋጥነዋል። በለዘበ ተዳፋት ላይ ጕዳት የለውም። በ35 ዲግሪ ላይ ከቤት በላይ ውሃ የሚያቍር እርከን ከመሥራት ግን ከላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቈፍሮ ውሃውን ወደ ሸለቆው ማስወጣት ይሻላል። ዛፍም እንዲሁ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል፤ ሥሩ አፈሩን ይሰፋዋል፥ ደግሞም ውሃውን እየጠጣ የመምጠጥ ኀይሉ ቶሎ እንዲመለስ ያደርጋል። መንገድ የሚቈርጡ መሐንዲሶች በድጋፍ ግንብ ላይ የሚተዉት የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ በድንጋይና በቆሻሻ ተደፍኖ ያየሁበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አንድ ሰው በዓመት አንድ ቀን በብረት ቢጠርገው ምን ነበረበት?

ስለ መንቀጥቀጥ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ መሐል መጀቴን አፍርሷል፤ ካራ ቆሬንም ክፉኛ ጐድቷል፤ ወደ አሥመራ የሚወስደውን አውራ ጎዳናም ናዳና ስንጥቅ አበላሽተውታል። ልብ በሉ፥ ግንቦት ነበር፤ ክረምቱ ገና አልገባም። የደኅንነት ቍጥሩ 1.35 የሆነ ተዳፋትና 1.04 የሆነ ተዳፋት ያንኑ መንቀጥቀጥ እኩል አይቀበሉትም። በነሐሴ መጨረሻ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበረ የስምጥ ሸለቆው ጫፍ ላይ የሚኖር ሁሉ ሊያስብበት ይገባል።

የመምጠጥ ኀይልን መለካት ይቻላልን? ይቻላል፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም። ጫፉ ሸክላ የሆነ ውሃ የተሞላ ቱቦ ወደ አፈሩ ይገባል፤ አፈሩ በሸክላው በኩል ውሃውን ሲመጥ ከላይ ያለው መለኪያ ያሳያል። ለእኛ ለደገኞች ግን የማስጠንቀቂያ ቃል አለኝ። ይህ መሣሪያ ከአካባቢው የአየር ግፊት በላይ ሊለካ አይችልም፤ ውሃው ራሱ ተበጥሶ አረፋ ይሆናል። በባሕር ጠረፍ የአየሩ ግፊት ወደ 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን፥ በሸዋ ሮቢት ወደ 87፥ በደብረ ሲና ወደ 73 ብቻ ነው። በውጭ አገር መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን የመሣሪያ ወሰን እንዳለ ይዞ ደብረ ሲና የሚወጣ ሰው ይታለላል። ለእኛ ጕዳይ ግን ይበቃል፤ የምንፈራው ቍጥሩ ሲወርድ እንጂ ሲወጣ አይደለም።

መሣሪያው የሌለው ሰው ደግሞ ጫፉ የሾለ ቀጭን ብረት ይያዝ። በየሳምንቱ እዚያው ቦታ አጠገብ ወደ አፈሩ ቢወጋው፥ ብረቱ በቀላሉ እስከሚገባበት ድረስ እርጥብ ነው፤ እንቢ ያለበት ቦታ ግንባሩ ነው። ድንጋይ እንዳያታልለው ሦስት አራት ጊዜ ይውጋ።

ለአጎቴ ይህን ሁሉ ሒሳብ አላነበብኩለትም። በግንቦት ተመልሼ ሄጄ አንድ ጓል ከግድግዳው ላይ ፈልፍዬ በሣሕን ውሃ ውስጥ አስቀመጥኩለት፤ ቡናው ሳይቀዳ ጓሉ ፈርሶ ደለል ሆነ። ዝም ብሎ አየውና፥ «ይኸ ነው እንዴ ዶማዬን የሰበረው?» አለ። በማግሥቱ ከግድግዳው በላይ ቦይ ቈፈርን። ግድግዳውን እንዲያስተኛው ብለምነው ጓሮዬ ያልቃል ብሎ እንቢ አለ። ከግድግዳው በላይ ቀጭን ስንጥቅ ስለ ነበረ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ችካል ተከልን፤ በመካከላቸው ያለው 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ነበር። ነሐሴ ላይ በስልክ ስጠይቀው 1 ሜትር ከ23 ሆኗል አለኝ። ብረቱስ? ብለው፥ እስከ ክንዴ ይገባል አለ። በዚያው ሌሊት ልጆቹን ከጓዳ ወደ ፊት ክፍል አዛውሯቸዋል። ግድግዳው እስከ ዛሬ አልወረደም፤ እነርሱም ወደ ጓዳው አልተመለሱም፤ አሁን የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆኗል።